ድሬ ላይ የሰፈር ጸሐፊዎችን ስታሰባስቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ተሳፋሪ እስኪመጣ ባጃጁ ውስጥ ግጥም የሚሞክር ሹፌር አለ። ሳቢያን ውስጥ ልጆቿን አስተኝታ ባለቀ ደብተር ላይ የምትጽፍ እናት አለች። ከዚራ ውስጥ የምድር ባቡሩን ዘመን ጽፎ ጽፎ ሳጥን ውስጥ የቆለፈ ጡረተኛ አለ። ጎረቤት ናቸው፤ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ግን አይቶት አያውቅም።

«ለምን አንሰባሰብም?» የሚል ሰው ሲገኝ ሁሉም ደስ ይለዋል። የመጀመሪያው ቀን ሞቅ ይላል። ሁለት ሦስት ወር ሲሆን ግን ሰው መቅረት ይጀምራል። እንደማየው ከሆነ እነዚህ ቡድኖች ጽሑፍ አጥተው አይፈርሱም። ከጽሑፉ በፊት ሌላ ነገር ስለሚቀድም ነው የሚፈርሱት።

ኮሚቴ ማስቀደም

እድር ያሳደገን ሰዎች ነንና አምስት ሆነን ከተቀመጥን ሊቀመንበር መምረጥ ያምረናል። ከዚያ ጸሐፊ፣ ከዚያ ገንዘብ ያዥ። የቡድኑ ስም ላይ ብቻ ሁለት ስብሰባ ያልቃል። አንዱ «የምሥራቅ ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው በወንዛችን ስም «ደቻቱ» ካልሆነ ይላል፣ ይኮራረፋሉ። እስካሁን ማንም አንድ መስመር አላነበበም።

እድር ደንብ የሚያስፈልገው የሰው ገንዘብ ስለሚይዝ ነው። እናንተ የያዛችሁት ወረቀት ነው። በሕግ የታወቀ ድርጅት መሆን የሚፈልግ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለለት፤ ግን እሱ ሪፖርቱንና የሒሳብ ሥራውንም ይዞ ይመጣል። ግቢ ውስጥ ሻይ ይዞ ለሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ይበቃል። ቀጣዩን ቀን የሚያስታውስ ሰው ይታወቅ። ቀጥሎ የሚያነበውም ይታወቅ። ገንዘብ ባታዋጡ ገንዘብ ያዥ አያስፈልግም፤ የሚጣላም አይኖርም።

በርጫ ላይ መጀመር

ይህን ዘልዬ ባልፍ «ድሬን አታውቃትም» ትሉኛላችሁ። ሐሳቡ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚወለደው በርጫ ላይ ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ትራሱ ተመቻችቶ ምርቃናው ሲመጣ ልብ ወለዱ ያልቃል፣ ይታተማል፣ ፊልምም ይሆናል። ተዋናዮቹ ሳይቀሩ ይመረጣሉ። ማታ ሁሉም ዝም ይላል። በማግስቱ የሚያነሣው የለም።

እኔ በርጫን ለመኮነን አልመጣሁም። ችግሩ ማን ይቀራል የሚለው ነው። የማይቅመው ይቀራል። ያቺ የሳቢያን እናት ወንዶች የተጋደሙበት ክፍል ገብታ አታነብም። ቤተሰቡ የሚቆጣጠረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም አይመጣም። አስቡት፣ ሲቀሩ ብዙ የሚጎዱን እነሱ ናቸው። ምርቃና ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ክልክል አይደለም። ግን ጸሐፊው በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ደግሞ ያንብበው። ያኔም ከወደደው ይዞት ይምጣ።

ሰዓቱንና ቦታውን አለማሰብ

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድሬ ላይ ሰው አይቀጠርም። ግንቦትና ሰኔ ላይማ ጨርሶ። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ተራዊህ አለ። እነዚህን ሳያዩ «ለሁሉም ይመቻል» ብሎ ቀን መቁረጥ ግማሹን ሰው ሳይናገሩ ማባረር ነው።

የሥራ ቀን ከሆነ ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ጥሩ ነው። ፀሐዩ ይበርዳል፣ ነፋስ አለ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ደግሞ ሰዓት ሳያዩ መጨረስ ይቻላል። ቅዳሜ ካፌ ብትሉ ከእንግሊዝ ኳስ ጋር ትጋጫላችሁ። ግጥም እየተነበበ ከጀርባ «ጎል!» ሲባል የትኛውም ግጥም አይቋቋመውም።

ቤት ለቤት መዞር ሲባል ደስ ይላል። ግን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋ ሻይ ታቀርባለች። ሁለተኛው ሳምቡሳ ይጨምራል። ሦስተኛዋ ፈጢራ ትጠብሳለች። አራተኛው ከሐረር ሐልዋ ያስመጣል። አምስተኛው ተራው ሲደርስ «ትንሽ አሞኛል» ይላል፣ በዚያው ይቀራል። አላመመውም፤ ኪሱ ነው። ስለዚህ ግቢው አንድ ይሁን፣ ጥላ ያለው ዛፍ ይኑረው፣ የሚቀርበውም ሻይ ብቻ ይሁን። ከሻይ በላይ ያቀረበ ይቀጣ ቢባል እንኳ አልቃወምም።

ሰፈሩን ሁሉ መጥራት

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ቢያነብ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ አስተያየት ቢሰጠው፣ ስድስት ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሃያ ሰው ከጠራችሁ አብዛኛው አጨብጭቦ ይሄዳል። ስምንት ሲሞላ ዘጠነኛው ሌላ ቡድን ይጀምር። ለገሃሬም ሰው አለ፣ መጋላም ሰው አለ።

«ይመችህ አቦ!» ብሎ ማለፍ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

የጎረቤት ቡድን ከሌላው የሚለየው በይሉኝታው ነው። ነገ ከሰውየው ጋር አንድ ሱቅ ዳቦ ትገዛላችሁ። እናቱ ለእናንተ ሠርግ ወጥ ሠርታለች። እንዴት «ታሪክህ መሐሉ ላይ ደከመኝ» ይባላል? ስለዚህ ሁሉም «ይመችህ!»፣ «ልብ ይነካል!»፣ «ቀጥልበት!» ይላል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ በሚቀጥለውም ያንኑ ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ጽሑፍም እንደዚያው ነው፤ ባለቤቱ የማይሰማውን የሚሰማ ሌላ ሰው ካልነገረው ከየት ያመጣዋል?

ተቃራኒውም አለ። አንድ ትንሽ ያነበበ ሰው ይገኝና «ሴራው ልል ነው፣ ገጸ ባሕርይው አልተቀረጸም» ይላል። ያነበበችው ልጅ በሚቀጥለው አትመጣም።

የሚሻለው መስመሩን መጠቆም ነው። እንበል አንዷ ስለ ደቻቱ ጎርፍ ጽፋለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ስለወሰደው ጎርፍ። እንዲህ ታነባለች፦

«ሰማይና ምድር ተደበላለቁ። ጎርፉ እንደ አውሬ እያገሳ መጣ። የሰው ዋይታ ሰፈሩን ሞላው። ሲነጋ አያቴ ከጭቃው ውስጥ ጫማ እየለቀመች፣ ጥንዱን እየፈለገች ግድግዳው ሥር ደረደረችው።»

«ልብ ይነካል» ብትሏት ምንም አልነገራችኋትም። «ቃላቱ የተለመዱ ናቸው» ብትሏት ደግሞ የትኞቹ? እንዲህ ብትሏትስ፦ «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ስለ ሌላም ጎርፍ ሰምቻቸዋለሁ። ጫማውን ግን ካንቺ ብቻ ነው የሰማሁት። ከጫማው ብትጀምሪስ? ጥንዱ ያልተገኘው የማን ነበር?» አሁን ቤቷ ሄዳ የምትሠራው ሥራ አላት። አልተሰደበችም፣ አልተሸነገለችም።

ሌላም አንድ ልማድ ልጨምር። አስተያየት እየተሰጠ ጸሐፊው ዝም ይበል። «እዚህ ጋ ለማለት የፈለግኩት እኮ…» የሚለው ነገር መጽሐፉ ውስጥ አብሮ አይታተምም። ሰሚው ካልገባው አልገባውም። ዝም ማለት ከባድ ነው፣ በተለይ ለድሬ ልጅ። ብዕር ስጡት፣ የሰማውን ይጻፍ፤ መልሱን መጨረሻ ላይ ይናገር።

የድሬን አማርኛ ማረም፣ ሌላውን ቋንቋ ማስቀረት

እዚህ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ መስማት ብርቅ አይደለም። ሰው በአንዱ ይነግዳል፣ በሌላው ይቀልዳል፣ በሦስተኛው ልጁን ይቆጣል። ቡድኑ ግን ሲጀመር «ለአሠራር እንዲመች በአማርኛ ብቻ» ይባላል። እንደዚያ ሲባል በእናቱ ቋንቋ የሚጽፈው ልጅ ወይ ይቀራል፣ ወይ ባልሞቀው አማርኛ ተርጉሞ ይመጣል። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

መፍትሔው ከሚመስለው ይቀላል። ድሬ ላይ ብዙ ሰው ማንበብ የማይችለውን ቋንቋ በጆሮው ይሰማል። ኦሮምኛው በቁቤ፣ ሶማልኛውም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ኮፒውን ብታድሉት ግማሹ ሰው ይደናበራል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ይስቃል፣ ያዝናል፣ «እህ!» ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ይነበብ። ቀጥሎ ያልገባው ሰው ካለ ከመሐል አንዱ ፍሬ ነገሩን በአፉ ይንገረው። ትርጉም አይጻፍ፤ ጊዜ ይበላል።

አማርኛውም ላይ ቢሆን አንድ ጣጣ አለ። አዲስ አበባ የተማረ አባል ይኖራል። ታሪኩ ውስጥ አንድ ልጅ አያቱን «አንቺ፣ ቡናው ደረሰ ወይ?» ሲላት ይሰማና «'እርስዎ' መባል አለበት» ብሎ ያርማል። ድሬና ሐረር ያደገ ሰው ግን ያውቀዋል። እዚህ አያቱን «አንቺ» የሚል ልጅ ባለጌ አይደለም፤ አንቱታው ነው የሚያርቀው። ልጁን «እርስዎ» ካስባላችሁት ታሪኩ ከደቻቱ ማዶ ተነሥቶ አራት ኪሎ ገባ ማለት ነው። «ወላሂ»፣ «አብሽር»፣ «አቦ» የሚሉትንም እንደዚሁ አትንኩ። የሚታረም ካለ ፊደል ግድፈት ይታረም።

የሰው ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ

ክፋት የለበትም። ሰውየው ግጥሙን ወደደው፣ ፎቶ አነሣው፣ ለቀቀው። ማታ ላይ የግጥሟ ባለቤት ስሟ ሳይኖርበት ሌላ ሰው ገጽ ላይ ታገኘዋለች። በቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራው ወጥ (የደራሲው የራሱ ፈጠራ) ሆኖ ግዘፍ ካገኘ፣ ማለትም ወረቀት ላይ ከሠፈረ፣ ጥበቃ አለው። መታተም ወይም ማስመዝገብ አይጠበቅበትም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብን ብቻውን ግን ሕጉ አይጠብቅም። «የጎርፍ ታሪክ የኔ ሐሳብ ነበር» ብሎ መካሰስ አያስኬድም፤ ሁለት ሰው ስለ አንድ ጎርፍ ይጽፋል። ሕጉን ሳትጠሩም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፦ ከግቢው ጽሑፍ አይወጣም፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ።

ከዚህ የባሰው የሰው ገበና ነው። የሰፈር ጸሐፊ ስለ ሰፈር ይጽፋል፣ ሌላ ስለምን ይጻፍ? ግን ስም መለወጥ ብቻውን አይሸፍንም። «አረንጓዴ በር ያላት፣ ባሏ ጅቡቲ የቀረባት» ካላችሁ ስሟን ምንም በሏት፣ ሰፈሩ ያውቃታል። በሩን ቀይሩት፣ ከተማውን ቀይሩት፣ ባልየውን ወንድም አድርጉት። ታሪኩ በዚህ ከፈረሰ መጀመሪያውኑም ሐሜት ነበር።

ጉዞና ፎቶ

አራት ጊዜ ሳይነበብ «ሐረር ሄደን ራምቦ ቤት ፎቶ እንነሣ» የሚል አይጠፋም። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደስ ይላል፣ ሂዱ። ግን ለነገሩ ያህል፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ እ.አ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ለቡናና ለቆዳ ንግድ ነበር የመጣው። መነሳሻ ፍለጋ ከሆነ የተሻለ ቤት ምረጡ። ጀጎል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየም ከመንገዳችሁ አይርቅም፤ የድሮ የእጅ ጽሑፎች አሉት፣ ሰው በእጁ የለፋባቸው።

መድበል ለማሳተም መቸኮል

በስድስተኛው ወር «እናሳትም» ይመጣል። መዋጮ ይጀመራል። ማን ስንት ገጽ ያገኛል የሚል ጠብ ይነሣል። ማተሚያ ቤት በትንሽ ቁጥር አትሙልኝ ለሚል የአንዱን ዋጋ ያስወድዳል፤ ብዙ ካሳተማችሁ ደግሞ መጽሐፉ አልጋ ሥር ይገባል። ዘመድ ሁሉ አንድ አንድ ከገዛ በኋላ ገዢው ያልቃል።

እስከዚያው ፎቶኮፒ አለ። በየሦስት ወሩ ከሁሉም አንድ አንድ ገጽ ይመረጥ፣ ይተየብ፣ ይባዛ፣ በስቴፕለር ይመታ። ስሕተት ቢገኝበት በሚቀጥለው ይታረማል። ባለቤቶቹ ከፈቀዱ አንዱን ኮፒ ፀጉር ቤት አስቀምጡት። ተራ የሚጠብቅ ሰው፣ በተለይ መብራት ከጠፋ፣ ሌላ ሥራ የለውም።