ለንደን ውስጥ በባቡር፣ በአውቶቡስና በእግር መንቀሳቀስ

ለንደን ውስጥ ትኬት ለመቁረጥ መሰለፍ አያስፈልግም። በማስጠጋት ብቻ የሚከፍል የባንክ ካርድ ወይም እንዲህ ያለ ካርድ የተጫነበት ስልክ ካለዎት ይበቃል። ከሌለዎት ጣቢያ ካለው ማሽን ኦይስተር ካርድ ገዝተው ገንዘብ ይሙሉበት። የወረቀት ትኬት ከሁሉም ውድ ስለሆነ ይተዉት።

አብዛኛው እንግዳ ገንዘቡን የሚያባክነው በካርድ አጠቃቀም ነው። ሥርዓቱ የሚያውቀው ባለቤቱን ሳይሆን የነካውን ዕቃ ነው። ጠዋት በስልክ፣ ማታ በካርዱ ከከፈሉ፣ ሒሳቡ አንድ ቢሆንም እንደ ሁለት ተሳፋሪ ይቆጠራሉ። በአንዱ ገብተው በሌላው ከወጡ ደግሞ ሁለቱም ጉዞዎች ያላለቁ ሆነው ይመዘገቡና ለእያንዳንዳቸው ከፍተኛው ታሪፍ ይቆረጣል። ስለዚህ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው በእሱ ይጠቀሙ፤ ቦርሳዎን እንዳለ አያስጠጉ፣ ማንበቢያው ያላሰቡትን ካርድ ሊያነብ ይችላል። ለባልና ሚስትም ቢሆን ባቡር ላይ አንድ ካርድ ለሁለት አይሠራም።

ባቡር ላይ ሲገቡም ሲወጡም ቢጫውን ክብ ማንበቢያ ያስነካሉ፤ ታሪፉ የሚሰላው ከተነሡበትና ከደረሱበት ዞን ነው። ዲ.ኤል.አር. የሚባለው ቀላል ባቡር ብዙ ጣቢያዎች ላይ በር የለውም፤ ማንበቢያው ምሰሶ ላይ ብቻውን ቆሟል። በጥድፊያ አልፈውት ከሄዱ ከፍተኛው ታሪፍ ይመጣብዎታል። ከመሃል ከተማ ውጭ ባቡር ሲቀይሩ ሮዝ ማንበቢያ ካዩ ያስነኩት፤ ገንዘብ አይቆርጥም፣ በመሃል እንዳላለፉ ይመዘግባል እንጂ።

በቀን የሚቆረጥብዎት ገንዘብ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ላይ ከደረሱ በኋላ ያለው የዕለቱ ጉዞ ነፃ ነው፤ ቀኑም የሚቆጠረው ከንጋቱ 10:30 (በእነሱ አቆጣጠር 4:30) ጀምሮ ነው።

አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ሲሳፈሩ አንዴ ብቻ ያስነኩ፣ ሲወርዱ አያስፈልግም። ከመጀመሪያው ንክኪ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሳፈሩባቸው ሌሎች አውቶቡሶች ተጨማሪ አያስከፍሉም። የፌርማታውን ምሰሶ አናት ይመልከቱ፤ ፊደል ተጽፎበታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፌርማታ ሌላ ፊደል ነው የሚኖረው፤ የስልክ መተግበሪያው የጠቀሰውን ፊደል ካላመሳከሩ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳሉ።

የምድር ውስጥ ባቡር ካርታው የሚያሳየው የጣቢያዎችን ቅደም ተከተል ነው፣ ርቀትን አይደለም። ሃሪ ቤክ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመው ካርታ ይህን መንገድ አስያዘ። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን በ260 ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ ኮቨንት ጋርደን ደግሞ ሊፍቱን ትተው በደረጃ ከወጡ 193 ደረጃ ይጠብቅዎታል። በእግር መሄዱ ይሻላል። መሃል ከተማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጣቢያ ብቻ ከቀረ አስቀድመው የእግር ርቀቱን ይመልከቱ።

ወደ መድረኩ ከመውረድዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ፦ አቅጣጫው ሰሜን ነው ደቡብ፣ ምሥራቅ ነው ምዕራብ? ባቡሩስ የት ያበቃል? ኖርዘርን መስመር ከተማው መሃል ላይ በባንክና በቻሪንግ ክሮስ በኩል ለሁለት ይከፈላል። ፒካዲሊ መስመርም አክተን ታውን ላይ ስለሚከፈል፣ አክስብሪጅ የሚል ባቡር ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አያደርስም። ወደ ተርሚናል 4 የሚሄደውም ተርሚናል 5 አይደርስም። ሻንጣ ይዞ መመለስ አድካሚ ነውና የመድረኩን ሰሌዳ ሳያነቡ አይሳፈሩ።

ከሂትሮው ወደ ከተማ ርካሹ ፒካዲሊ ነው፤ ኤልዛቤት መስመር ይፈጥናል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሂትሮው ኤክስፕረስ በ15 ደቂቃ ፓዲንግተን ያደርሳል፣ ነገር ግን ውድ ነው፤ የቀኑ ጣሪያም አይሸፍነውም። ማረፊያዎ ፓዲንግተን አካባቢ ካልሆነ የተረፈው ጊዜ ባቡር ሲቀይሩ ያልቃል።

በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በቀኝ ይቁሙ፤ ግራው ለቸኮለ ነው። መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይዩ፣ መኪና የሚነዳው በግራ ነውና።

ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት አምስት የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች ሲሠሩ ያድራሉ፤ በሌሎቹ ቀናት የሌሊት አውቶቡስ አለ። በእጅ ምልክት ማስቆም የሚቻለው በአናቱ ላይ ያለው ቢጫ መብራት የበራ ጥቁር ታክሲ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ አስቀድሞ መታዘዝ አለበት፤ መንገድ ላይ ቀርቦ «ታክሲ ይፈልጋሉ?» የሚል ሹፌር ሕግ እየጣሰ ነውና አብረውት አይሂዱ።