የመስኖ ፓምፕን ሞተር አቧራ እንዳይበላው

በበጋ መስኖ የሚሠራ የቤንዚን ፓምፕ ጉልበት ሲያጣና ጢስ ሲያበዛ መጀመሪያ የሚወቀሰው ቤንዚኑ ነው። ከዚያ በፊት የአየር ፊልትሮውን ክዳን ክፈቱ።

የታፈነ ፊልትሮና አቧራ የሚያሳልፍ ፊልትሮ ለየቅል ናቸው። የታፈነው ራሱ ይናገራል፤ አየር ስለሚያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ማርሚታው (የጢስ ማውጫው) ጥቁር ጢስ ይተፋል፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚለኩሰው) ጥላሸት ይለብሳል። ሲጸዳ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። የሚያስፈራው የተቀደደው ወይም ጠርዙ በደንብ ያልገጠመው ነው፤ ሞተሩ ደህና እየሠራ አቧራ ይጠጣል። አፈር ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል፤ ከዘይት ጋር ሲለወስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋሻውንና (የፒስተኑን ቀለበት) ሲሊንደሩን ይፍቃል። ሰማያዊ ጢስ ከታየ፣ ዘይት ቶሎ ቶሎ ከጎደለና ኮምፕሬሽኑ (የሲሊንደሩ የማመቅ ኃይል) ከደከመ አዲስ ፊልትሮ አያድነውም።

ፊልትሮው አቧራ ማሳለፉን ለማወቅ ሞተሩን አጥፍታችሁ አቀዝቅዙ። ክዳኑን ሳትከፍቱ ላዩን ጥረጉ፣ አለዚያ አቧራው ወደ ካርቡራተሩ አፍ ይራገፋል። ፊልትሮውን አውጡና ከኋላው ያለውን የአየር መግቢያ በጣታችሁ በጠቀለላችሁት ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ የቀረውን በሁለት ጣት እሹት፤ ከሻከረ አፈር አልፏል።

ፊልትሮው ስፖንጅና የወረቀት ክፍል ካለው፣ ስፖንጁን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቁ፣ ጥላ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ነክራችሁ እስከማይንጠባጠብ ጭመቁት። ዘይቱ ከበዛ ሞተሩ ሲነሳ ያጨሳል፣ ወረቀቱንም ያበላሻል። በቤንዚን ማጠብ ግን እሳት መጥራት ነው።

ወረቀቱን ውሃም ዘይትም አታስነኩት። ጠንካራ ነገር ላይ ደጋግማችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉት፤ በኮምፕሬሰር ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ግፊት ሳይበልጥ ንፉበት። በብሩሽ መፈግፈግ አቧራውን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል። ሲያበቃ ውስጡን በባትሪ አብሩበት፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ብርሃን ከታየች ጣሉት።

እንደ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ባሉ ሞተሮች ፊልትሮው በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል፤ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ይህ ከ6 ቀን ትንሽ አለፍ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር አቧራ ለሌለበት ቦታ ነው። ከብት በሚረግጠው ደረቅ መሬት ዳር የቆመ ፓምፕ በየቀኑ ይታያል። መታየት ማለት ሁሌ ማጠብ አይደለም፣ ብዙ ነካክቶ የጠርዙን ጎማ ማላላትም ጉዳት አለው።

የእንዲህ ያለው ሞተር ዘይት ወደ 0.6 ሊትር ብቻ ስለሆነ ጥቂት አፈር ይበክለዋል። ጨርቁ ከሻከረ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ የቆየውን ዘይትም ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ወዲያው አፍስሳችሁ በአዲስ ተኩ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ዙሪያ ሳትጠርጉ ግን አትክፈቱት።