የሊብና የዲኤልኤል አለመጣጣም፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ በደንብ የሚሠራ ፕሮግራም ቡሬ ባለ እህል ነጋዴ ኮምፒውተር ላይ አልነሣ ሲል፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ ኮዱ ውስጥ አይደለም። ዲኤልኤል ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠራቸውን ፈንክሽኖች (አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) የያዘ ፋይል ነው፤ ሊብ ደግሞ ሊንከሩ፣ ማለትም የኮዱን ክፍሎች አገናኝቶ ፕሮግራም የሚያደርገው መሣሪያ፣ ዲኤልኤሉን የሚያውቅበት ፋይል ነው። ሊንከሩ ያየው ሊብና በፍላሽ የሄደው ዲኤልኤል ከአንድ ቢልድ (ኮዱ ወደ ፋይል ከተቀየረበት አንድ ዙር) ያልወጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

አዲስ ሊብን ከአሮጌ ዲኤልኤል ጋር አትቀላቅሉ። ሊቡ (ኢምፖርት ላይብረሪ) ውስጥ የፈንክሽኖቹ ሥራ የለም፤ ያለው የዲኤልኤሉ ስምና ከእሱ የሚፈለጉት ፈንክሽኖች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ፈንክሽን ዲኤልኤሉ ውስጥ ከሌለ፣ ዊንዶውስ ኢንትሪ ፖይንቱ (የፈንክሽኑ መግቢያ) አልተገኘም ብሎ ፕሮግራሙን ያስቆመዋል። ይህ እንኳ ይሻላል፤ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል። የከፋው ፈንክሽኖች በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር ሲጠሩ ነው። ዴፍ ፋይሉን (ዲኤልኤሉ የሚያወጣቸው ፈንክሽኖች የሚዘረዘሩበትን የጽሑፍ ፋይል) ያደሰ ሰው መካከል ላይ አንድ ፈንክሽን ሰክቶ የሌሎቹን ቁጥር ቢገፋ፣ 5ኛውን የሚጠራው የቆየ ፕሮግራም ሳያውቀው ሌላ ፈንክሽን ይጠራል። ደረሰኝ አትም የተባለው መዝገብ ሊሰርዝ ይችላል! ስለዚህ ፈንክሽኖቹን በስም ጥሯቸው። ቁጥር ግድ ከሆነ የተሰጠውን አትንኩ፣ አዲሱን ከመጨረሻው ቀጥሎ ጨምሩ። የፈንክሽኑ ስም ሳይለወጥ የሚቀበላቸው ነገሮች ሲለወጡም ማንም አያስጠነቅቃችሁም፤ ሄደሩን (ፈንክሽኖቹ የሚታወጁበትን ፋይል)፣ ሊቡንና ዲኤልኤሉን በአንድ ዚፕ አድርጋችሁ ላኩ።

የዲኤልኤሉን ፋይል ስም በእጅ አትቀይሩ። የቀድሞ ስሙ በሊቡ በኩል ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቷል፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገውም ያንኑ ነው። ስሙን ቢልዱ ላይ ለውጣችሁ ሊቡንም ዲኤልኤሉንም እንደገና አውጡ።

64 ቢት ፕሮግራም 32 ቢት ሊብ ሲሰጠው ሊንከሩ መጀመሪያ በቁጥር 4272 ያስጠነቅቃል፣ ከዚያ በቁጥር 2019 ስሞቹን አላገኘሁም ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያነብና ኮዱን ሲበረብር ይውላል። ዲኤልኤሉ ብቻ ከተሳሳተ ግን ሊንከሩ ዝም ይላል፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ በ7ቢ የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ይመጣል።

ሊቡ ከጠፋ ከዲኤልኤሉ መልሶ መሥራት ይቻላል፦ በደምፕቢን (የዲኤልኤልን ይዘት በሚያሳየው መሣሪያ) የኤክስፖርት ስሞቹን (ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚሰጣቸውን የፈንክሽን ስሞች) አውጡ፣ ዴፍ ፋይል ላይ ጻፉ፣ ለሊብ መሣሪያው ፋይሉንና የማሽኑን ዓይነት ስጡ። ይህ ለ64 ቢት የሲ ቋንቋ ፈንክሽኖች ይሠራል። በ32 ቢት ስታንዳርድ ኮል (ፈንክሽን የሚጠራበት አንድ ዓይነት ደንብ) ግን ሊንከሩ የሚፈልገው ስም ላይ የፓራሜትሮቹ (ፈንክሽኑ የሚቀበላቸው ነገሮች) የባይት ብዛት ስለሚጨመር፣ ስሙ ብቻውን አይበቃም።

ደንበኛው ጋ ስትደርሱ ዲኤልኤሉን ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ በተለመደው አሠራር ዊንዶውስ ከሲስተም ፎልደሩ በፊት እዚያ ይፈልጋል።