የስቴሪዮዎን ድምፅ በተጨማሪ ዕቃ ለማሻሻል ሲነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤት ስቴሪዮአቸውን ድምፅ ለማሻሻል ገመድ፣ ከስፒከር ሥር የሚገባ ሾጣጣ ብረት፣ ንዝረት የሚውጥ ጎማና ሌላም ጥቃቅን ዕቃ እየገዙ የሚሞክሩ ወዳጆች አሉኝ። ሙከራውን አልነቅፍም፤ እኔም በዚሁ ሱስ ብዙ ገንዘብ አጥፍቻለሁ። ያስመረረኝ ግን አንድ ስህተት ነው።

እርሱም በአንድ ምሽት ሁለትና ሦስት ነገር ለውጦ ምስጋናውን ሁሉ ለአንዱ ዕቃ መስጠት ነው። ሰውየው አዲስ ገመድ ይዘረጋል፤ ለመዘርጋት ሲል ስፒከሩን ከግድግዳው ያርቃል፤ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ሲያበራም የድምፁን መጠን በግምት ይመልሳል። ከዚያ «ገመዱ ባሱን አጠራው» ብሎ ይደውልልኛል! ስፒከር ከግድግዳ ሲርቅ ባሱ እንደሚቀንስ፣ ጆሮም በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ «የጠራ» አድርጎ እንደሚሰማው ይዘነጋል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ያድምጡ፤ ወደ ቀድሞውም መልሰው እንደገና ያድምጡ። የድምፁን መጠን ሲያስተካክሉ ጆሮዎን አይመኑ፤ አንድ ወጥ ድምፅ አጫውተው በስፒከሩ ማሰሪያዎች ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር ይለኩ። ርካሽ ቴስተር የሚሠራው ለመብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ይመረጣል፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ካልበለጠ ይበቃል። ቀጥሎ አንድ የቤት ሰው እርስዎ ሳያዩ ገመዱን ይቀይር ወይም እንዳለ ይተወው። በ10 ዙር 5ቱን ብቻ ካወቁ ሳንቲም የወረወረ ሰውም ያንኑ ያህል ያውቃል፤ 9ኙን ካወቁ ግን እጄን እሰጣለሁ።

ይህን የምናገረው ስለተሳሳትኩበት ነው። ከዓመታት በፊት ውድ የስፒከር ገመድ ገዝቼ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሳሞግሰው ሁለት ሳምንት ከረምኩ። በኋላ አሮጌውን ተጠንቅቄ መልሼ ሳስረው ድምፁ ያው ሆነ። ለካ ቀድሞ የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር አዛውሬ አስሬው ኖሯል! አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ሲስብ ባሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የዘፋኙም ድምፅ መሃሉን ለቆ በክፍሉ ይበተናል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ስፒከሩ 5 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 0.07 ኦም አካባቢ ስለሆነ፣ 8 ኦም ለሆነ ስፒከር ከበቂ በላይ ነው።

ስፒከርን ብፌ ውስጥ ወሽቆ ከሥሩ ውድ ጎማ ማድረግም ትርፍ የለውም፤ ቀድሞ ከብፌው ይውጣ። ሾጣጣው ብረት ደግሞ ዋና ጥቅሙ ምንጣፍ በስቶ ወለሉን መያዝ ነው፤ ሴራሚክ ላይ ወለል ይቦጫጭራል። ሳሎንዎ ሴራሚክ፣ መስታወትና ጂፕሰም ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ጭብጨባው እየተንጫረረ ከተመለሰ ከስፒከሩና ከመቀመጫዎ መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፣ መስታወቱንም በመጋረጃ ይሸፍኑ። ድምፅ ያጠራል እየተባለ የሲዲን ጠርዝ አረንጓዴ ስለመቀባት ግን ክርክር ውስጥም አልገባም።

እምም የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት የስፒናውን ኧርዝ፣ ማለትም ከአደጋ የሚጠብቀውን የመሬት ሽቦ፣ መቁረጥ ግን ቀልድ አይደለም። በዕቃው ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ሳጥኑን ቢነካ ሳጥኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ይህን ያደረገ ሰው ሲገጥመኝ የማስበው ሙዚቃውን ሳይሆን ልጆቹን ነው። ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፤ አልጠፋ ካለም የድምፅ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ላይ እንደሚቆም ይፈልጉ።

ሸክላ የሚያጫውቱ ጀማሪዎች ሸክላውን ለማዳን ብለው መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት ያቀልላሉ። ልባቸው ደግ ነው፤ ነገር ግን የቀለለ መርፌ በመስመሩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይጎዳል። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የተባለው የመርፌ ዓይነት 1.8 ግራም ከተባለ 1.8 ይሁን፤ ለዚህም በክንዱ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ሳይሆን በትንሽ የመርፌ ሚዛን ይለኩት።