የኮሌጅ እግር ኳስ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ለመሆንና በሙያው ለማደግ

ከኮተቤና ከካራ አልፎ እስከ ለገጣፎ፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ከአለምገና እስከ ሰበታ፣ እንዲሁም በቡራዩና በሱሉልታ ባሉ ሜዳዎች ከሰዓት በኋላ ብቅ ያለ ሰው፣ ታዳጊዎችንና የኮሌጅ ተማሪዎችን የሚያሠለጥኑ በርካታ ወጣቶችን ያያል። አብዛኞቹ ራሳቸው ተጫውተው ያለፉ፣ በጉዳት ወይም በዕድል ማጣት ከክለብ ደጃፍ የተመለሱ፣ ከሜዳ መለየት ግን ያልሆነላቸው ናቸው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከእነዚህ መካከል በኮሌጅ ቡድን ረዳት አሠልጣኝነት ጀምረው ሥራውን የዕድሜ ልክ ሙያ ሊያደርጉት ለሚሹ ነው። በእኔ እምነት ረዳት አሠልጣኝ የሚያድገው ከቡድኑ ሥራ አንዱን ክፍል ሙሉ በሙሉ ተረክቦ፣ በጥራት ሠርቶና የሠራውን በጽሑፍ አኑሮ ሲገኝ ነው፤ የዋናውን አሠልጣኝ ወንበር እያየ የሚውል ረዳት ግን ዕድገቱንም ወንበሩንም ሳያገኝ ይቀራል።

የመግቢያው በር በየሠፈሩ ያለው የታዳጊዎች ፕሮጀክት ነው። ኮሌጆች ለረዳት አሠልጣኝ የቅጥር ማስታወቂያ የሚያወጡት ከስንት አንዴ በመሆኑ፣ ቦታው የሚሰጠው ዋናው አሠልጣኝ ለሚያውቀውና ሲሠራ ላየው ሰው ነው። ስለዚህ ከ13 ወይም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ሳያቋርጡ ያሠልጥኑ፤ ከዚያም በአቅራቢያዎ ወዳለው ኮሌጅ ሄደው የስፖርት ክፍሉን ኃላፊ ያነጋግሩ። ሲሄዱ «ልርዳችሁ» ብቻ ብለው አይቅረቡ። «የማሟሟቂያውንና የግብ ጠባቂዎቹን ሥራ ልያዝ» ብሎ ለይቶ የሚጠይቅ ሰው ቶሎ ተቀባይነት ያገኛል፤ አንድ አሠልጣኝ ብቻውን ሃያና ከዚያ በላይ ተማሪዎችን ይዞ ሲሠራ፣ ከሁሉ በፊት የሚረሱት ግብ ጠባቂዎቹ ናቸውና።

በኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲም ሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የስፖርት ሳይንስ ትምህርት የሰውነትን አሠራርና የልምምድን ጫና ለመረዳት ጥሩ መሠረት ይጥላል። ሆኖም ዲግሪው የአሠልጣኝነት ላይሰንስን አይተካም፤ ላይሰንሱም ዲግሪውን አይተካም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም የካፍ፣ ላይሰንስ ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ፕሮ ተብሎ ይደረደራል። በአገራችን ሥልጠናውን የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲሆን፣ በካፍ የክለቦች ውድድር ቡድን ይዞ ለመቅረብ ዋናው አሠልጣኝ ቢያንስ ኤ ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ዲውን ዛሬ ነገ ሳይሉ መጀመር ይበጃል።

በከተማዋ ዳርቻ የሚኖር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ በሥሩ ተጠቃልለዋል። በመሆኑም የእነዚህ አካባቢዎች ቡድኖች ጉዳይ በኦሮሚያ በኩል ሲታይ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ያለው የኮተቤ ወይም የአያት ቡድን ግን በአዲስ አበባ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሥር ነው። የላይሰንስ ሥልጠና ጥሪ ሲወጣ በየትኛው ፌዴሬሽን በኩል እንደሚመዘገቡ አስቀድመው ይጠይቁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ቡድኑን በሚለቁበት ቀን የሚለመን ነገር መሆን የለበትም፤ በየውድድር ዓመቱ መጨረሻ ምን እንደሠሩ ተዘርዝሮ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ኃላፊ ይቀየራል፣ መዝገብ ይጠፋል፤ በእጅ ያለ ደብዳቤ ግን አያከራክርም።

ሥራው ከተገኘ በኋላ የረዳቱ ዋና መታወቂያ የዕለት ተዕለት ልምምዱ ነው። ለማሟሟቂያ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው «ፊፋ 11+» የተባለውን መርሐ ግብር ነው። ከ14 ዓመት በላይ ላሉ ተጫዋቾች የተዘጋጀ ሲሆን፣ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፦ 8 ደቂቃ ቀለል ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳይቆራረጥ ሲሠራ ጉዳትን በሚታይ መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ለምሳሌ የኋላ ጭን ጡንቻን የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ እንመልከት። ተጫዋቹ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ከኋላ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፤ እሱም ከጉልበቱ እስከ ራሱ ቀጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ጡንቻው መሸከም ሲያቅተው በእጁ መሬቱን ይቀበላል። ጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ ይሥራው። ብዙዎች ዳሌያቸውን አጥፈው ሲወርዱ ይታያል፤ እንዲህ ሲሆን እንቅስቃሴው ጥቅሙን ያጣል። ረዳቱ በጎን በኩል ቆሞ ይህንን የሚያርም ከሆነ ዋናው አሠልጣኝ በሙሉ ልቡ ታክቲኩን ሊያስብ ይችላል።

የተጫዋቾቹን ኑሮ ማወቅም የረዳቱ ድርሻ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር፣ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ከቆላ የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቢደክም ሰነፍ ተብሎ መዘለፍ የለበትም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ተጫዋች ጠግቦ በልቶ 10 ሰዓት ላይ እንዲሮጥ ማድረግ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ አስቀድሞ ቀለል ያለ ነገር እንዲቀምስ፣ ዋናውን ምግብ ከልምምድ በኋላ እንዲበላ ይመከር። በረመዳን የሚጾመው ደግሞ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ስለሚመጣ፣ ከባድ ሩጫው ተቀንሶለት በኳስ አያያዝና በቦታ አጠባበቅ ላይ ቢሠራ ይሻላል። ሚድና ፋይናል ፈተና ያለባቸውን ሳምንታትም ከየትምህርት ክፍሉ ጠይቆ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ደብተር ላይ ይስፈር። ለእያንዳንዱ ልምምድ ቀኑን፣ የሜዳውን ሁኔታ፣ የመጣውንና የቀረውን፣ የተሠራውን ሥራ ከነደቂቃው፣ እንዲሁም በዕለቱ የታየ አንድ ነገር ይጻፉ። «የግራ ተመላላሹ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም» የሚል አንድ መስመር፣ «ቡድኑ ድካም ይታይበታል» ከሚል ሙሉ ገጽ ይበልጣል። ጆዜ ሞሪንሆ በቦቢ ሮብሰን ሥር በባርሴሎና ሲሠራ ስለ ተጋጣሚ ቡድኖች ያዘጋጃቸው በነበሩ ዝርዝር ዘገባዎች ይታወቅ ነበር። ሚኬል አርቴታም ከ2016 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ሲቲ ከዋናው አሠልጣኝ ከፔፕ ጋርዲዮላ ጎን ሠርቶ ነው በቀጥታ ወደ አርሰናል ዋና አሠልጣኝነት የተሻገረው።

የተጫዋቾች ምዝገባ አሰልቺ ቢመስልም ቡድንን ከውድድር ሊያሠርዝ የሚችል ሥራ ነው። በዕድሜ የተገደበ ውድድር የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር መባቻ በመሆኑ፣ የልደት ቀንን በግምት «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ደምር» ብሎ ማለፍ አይገባም። ለምሳሌ ታኅሣሥ 21 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር የ2007 ልጅ ሲሆን፣ በማግሥቱ የተወለደው ግን የ2008 ነው። ዕድሜ ቀንሶ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ተጫዋች ወይም ኃላፊ ሲያጋጥምዎ በግልጽ እምቢ ይበሉ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤም.አር.አይ. እያስመረመረ ነው፤ በሐሰት ዕድሜ ያደገ ልጅ ከፍ ካለ በኋላ ሲወድቅ ጉዳቱ የእሱ ብቻ ሳይሆን ቦታውን የተነጠቀው የእውነተኛው ታዳጊም ነው። ይህ የእግር ኳሳችን ትልቅ ቁስል ስለሆነ ጠንከር አድርጌ ብናገር አይፈረድብኝም።

በጨዋታ ቀን ረዳቱ ሕጉን ማወቅ አለበት። ከቴክኒክ ክልሉ፣ ማለትም በተቀያሪዎች መቀመጫ ዙሪያ ለአሠልጣኞች ከተከለለው ቦታ፣ ተነሥቶ ታክቲካዊ መመሪያ መስጠት የሚችለው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለታችሁም ቆማችሁ ብትጮኹ ተጫዋቹም ግራ ይጋባል፣ ዳኛውም ያስጠነቅቃል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቢጫና ቀይ ካርድ ለአሠልጣኞችም ይመዘዛል፤ ከተቀመጡት መካከል ጥፋተኛው ካልታወቀ ቅጣቱ የሚያርፈው በክልሉ ባለው ከፍተኛ አሠልጣኝ ላይ ስለሆነ፣ የረዳት ስድብ አለቃውን ሊያስወጣ ይችላል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያስታወከው ወይም ውጤቱን መናገር ያቃተው ተጫዋች «ደኅና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን አይመለስ፤ ወደ ሕክምና ይወሰድ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የሚሰጠውን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና መውሰድ ለዚህ ይጠቅማል።

ከዋናው አሠልጣኝ ጋር የሐሳብ ልዩነት ሲፈጠር ለብቻ፣ ከጨዋታ በፊት፣ ደብተርዎን ይዘው ይነጋገሩ፤ ውሳኔው አንዴ ከተላለፈ ግን የእርስዎም ውሳኔ ነው። ተቀያሪ ሆኖ የተቆጣ ተጫዋች ወደ ረዳቱ መጥቶ ሲያማርር «እኔ ብሆን አሰልፍህ ነበር» ማለት ቡድን ያፈርሳል። ማዳመጥ ተገቢ ነው፤ ምን ማሻሻል እንዳለበት ማሳየትም እንደዚያው።

ከኮሌጅ ቀጥሎ ያለው እርከን የክለብ ተስፋ ቡድን ወይም በአንደኛ ሊግ ያለ ቡድን ረዳትነት ነው። ሰበታ ከተማና ለገጣፎ ለገዳዲ በየጊዜያቸው እስከ ፕሪምየር ሊግ መድረሳቸው፣ በዳርቻው የሚሠራ አሠልጣኝ ለትልቅ መድረክ ሩቅ እንዳልሆነ ያሳያል። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ደብተርዎን፣ ደብዳቤዎችዎንና አንድ የውድድር ዓመት ዕቅድ ይዘው ይቅረቡ። ውል ሲፈራረሙ ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን፣ የኃላፊነትዎ ዝርዝር፣ በተለይም ዋናው አሠልጣኝ ቢሰናበት የእርስዎ ዕጣ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር፤ በእኛ አገር ዋናው ሲሰናበት ረዳቱ አብሮ የሚባረርበት ወይም በአንድ ሌሊት ጊዜያዊ አሠልጣኝ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ጊዜያዊ ሆነው ከተሾሙ በቅድሚያ ለተሰናበቱት አሠልጣኝ ደውለው ራስዎ ይንገሩ፤ ከዚያም በመጀመሪያው ሳምንት አሰላለፉን ሁሉ ከመገልበጥ ይልቅ፣ በደብተርዎ ላይ ደጋግመው የጻፉትን አንድ ወይም ሁለት ችግር ብቻ መርጠው ያርሙ።