በገጠር የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የማኅበረሰብ ብሮድካስት በአዋጅ ቁጥር 533/1999 ዕውቅና ካገኘ ወዲህ በአገራችን በርካታ የገጠር ጣቢያዎች ተከፍተዋል። እኔም በአንዱ በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ከገንዘብ እጦት ይልቅ የጎዱን በራሳችን እጅ የሠራናቸው ስህተቶች ነበሩ።

የመጀመሪያውና ትልቁ የአዲስ አበባን ሬዲዮ መኮረጅ ነው። ማይክ ፊት ስንቀርብ ድምፃችን ይለወጣል፣ ቋንቋችን የቢሮ ይሆናል። በእርሻ ዝግጅታችን «በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ» ብለን ከወረቀት አነበብን። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት እናት አስቆሙንና «ልጆቼ፣ የኔ መሬት ሁለት ጥማድ ናት፤ ለእኔ ስንት ይደርሰኛል?» አሉን። በእኛ አካባቢ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ነው፤ ለእሳቸው ግማሽ ኩንታል ማለት ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብንጨምር ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም የእርሻ ምክር ከማስተላለፋችን በፊት የሚያርስ ሰው እንዲሰማው አደረግን። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች በቆሎውን ሲወርርም ባለሙያው ስለ «የተቀናጀ የተባይ መከላከል» ግማሽ ሰዓት አስረዱ። ሰው ያስታወሰው ግን የአንዲት ገበሬን አምስት ደቂቃ ነው፦ ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳዋ ወርዳ የበቆሎውን እምብርት እየገለጠች ትሉን እንዴት እንደምትለቅምና እንደምትጨፈልቅ የነገረችንን።

የሰዓት ስህተትም አለ። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት እናስተላልፍ ነበር፤ ለእኛ ይመቻል፣ ገበሬው ግን ማሳ ላይ ነው። የሴቶችን ዝግጅት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አድርገን ነበር፤ ውሃ ሲቀዳና እንጨት ሲለቀም ማን ይሰማል? ጠየቅናቸው፤ ከእራት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አሉ። የጄኔሬተሩ ነዳጅ ወጪ ጨመረ፤ ቢሆንም የሚገባ ወጪ ነው።

«ደውሉልን» ብሎ መቀመጥም ስህተት ነው። ስልኩም ሬዲዮኑም ብዙ ጊዜ ከአባወራው ጋር ይወጣል። ኔትወርክና ካርድ ያለው ብቻ ይደውላል፣ ስለዚህ ለወራት የሰማነው ወንዶችን ብቻ ነበር። መቅረጫውን ይዞ ወፍጮ ቤት፣ ምንጭና እድር መሄድ ይሻላል።

ወደ መሣሪያው ስመጣ፣ ብዙ ጣቢያ ገንዘቡን በትልቅ ማስተላለፊያ ላይ ያፈሳል። የኤፍኤም ሞገድ በቀጥታ ይጓዛል፤ ተራራ ከመጣ ይጋረዳል። በሜዳ ላይ የቆመ 30 ሜትር ምሰሶ የሚያየው አድማስ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማስተላለፊያውን ኃይል (ዋቱን) በእጥፍ ማሳደግ ይህን አድማስ አያሰፋውም። አድማሱ በእጥፍ እንዲሰፋ ምሰሶው አራት እጥፍ መርዘም አለበት፤ ስለዚህ ኮረብታ መምረጥ ያዋጣል። እርግጥ ኮረብታ መንገድ፣ ጥበቃ፣ የመብረቅ መከላከያና ጥሩ የመሬት ሽቦ ይጠይቃል። አንቴናው ሳይያያዝ ደግሞ ማስተላለፊያውን በፍጹም አታብሩ! ኃይሉ ተመልሶ ራሱን መሣሪያውን ያቃጥላል። እኛ ዘንድ አንድ ልጅ ኬብሉን ለማጽዳት ፈትቶ ረሳው፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ወር ዝም አልን።

በጎ ፈቃደኛን አያልቅም ብሎ ማሰብም አለ። ሰኔ ሲገባ ግማሹ ሞፈር ይይዛል፣ ተማሪዎቹ 12ኛ ክፍልን ጨርሰው ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ዝግጅት ሁለት ሰው አሰልጥኑ፤ ትራንስፖርታቸውንም አትከልክሏቸው።

በመጨረሻ የማነሣው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣልንን መግለጫ ቦታው ሳንደርስ አነበብን፤ የአንድ ቀበሌ የውሃ ፓምፕ ተጠግኖ አገልግሎት ጀምሯል ይላል። የዚያ ቀበሌ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ጄሪካን ተሸክመው ከወንዝ እየተመለሱ ነበር። አንዷ ልጇን ልካ «እናንተም እንደነሱ ሆናችሁ?» አለችን። ጣቢያው የማን እንደሆነ የረሳነው እዚያ ላይ ነው። በማግስቱ መቅረጫ ይዘን ወረድን፣ የፓምፑን እጀታ ስንጫን የሚወጣውን ደረቅ ድምፅ ቀዳን፣ ሴቶቹን አናገርን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ይቅርታችንን፣ ቀጥሎ የእነሱን ድምፅ አስተላለፍን።