በዉዱእ ውሃ የፍሰት መጠንን ማስተማር

ባልዲ፣ ባለመስመር ጆግ፣ ሰፊ ሳፋና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ይበቃል።

ቧንቧውን ክፈቱ፤ ፍሰቱ ሲረጋ ባልዲውን ደቅናችሁ 10 ሰከንድ ቅዱ። 1 ሊትር ከሆነ ፍሰቱ በደቂቃ 6 ሊትር ነው። ቀጥሎ አንድ ተማሪ ሳፋው ላይ እንደ ልማዱ ዉዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት) ያድርግ፤ የተጠራቀመው ይለካ። ስለ ቁጠባ አስቀድማችሁ አትናገሩ፦ ተማሪው ይጠነቀቅና ልኬቱ ይዛባል። ከሳፋው ውጭ የሚረጨውም ውጤቱን ያሳንሳል። የተማሪዎች ልማድ ስለሚለያይ 3 ተማሪዎችን ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ጆጉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከውሃው ወለል ትይዩ አንብቡ።

ሐዲሱ ከልኬቱ በኋላ ይምጣ፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ ሙሉ ነው፤ በብዙ ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ስሌት ከ1 ሊትር ያንሳል። ተማሪዎች የአማካዩንና የሙዱን ልዩነት በሊትር ለ20 (አንድ ጀሪካን ለሚይዘው ሊትር) አካፍለው በሰፈራቸው የጀሪካን ውሃ ዋጋ ያባዙት። ሙስሊም ያልሆኑት ፊትና እጅ በመታጠብ ይለኩ፤ ማንም ዉዱእ እንዲያደርግ አይገደድ።